አትጣሉት! ገና አልሞተም

እስቲ ለዛሬ የፍቅርና የትዳር ጣጣችንን አንድ ጥግ አስቀምጠን ስለ አበባ እናውራ። «ደግሞ ስለ አበባ ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ይቆየኝ! በየቤታችን ሳሎን ጥግ፣ በየቴሌቪዥኑ ጎን፣ በየበረንዳው ጫፍ፣ ደርቆና ተጨራምቶ የቆመ አንድ ተክል አለ። እንዳንጥለው ሆዳችን እምቢ ብሏል፤ ውሃ እንዳንሰጠው ደግሞ «አሁንማ ምን ዋጋ አለው» ብለን ትተነዋል። እንዲህ ያለ ነገር የሌለበት ቤት ካለ እሰየው፣ ይህን ገጽ ይዝለለው። ያለበት ግን ይስማኝ። ምክንያቱም «ሞቱ» ከምንላቸው ተክሎች መካከል ብዙዎቹ ገና አልሞቱም። የሚሞቱት በኋላ ነው። የሚገድላቸውም ጥማቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ማለዳ ጸጸት ይዞን፣ ልናድናቸው ብለን የምናደርገው ርብርብ ነው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው

በቅርቡ አንዲት የ26 ዓመት ወጣት በሰው በሰው አድርጋ አገኘችኝ። ስሟም ሰፈሯም ይቆየን። «ጋሼ፣ አበባ ያውቃሉ ሲሉ ሰምቼ ነው… የእናቴ አበባ ሳይሞትብኝ አልቀረም» አለችኝ። «ሞተብኝ» አላለችም። «ሳይሞትብኝ አልቀረም» ነው ያለችው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ተስፋ ያልቆረጠ ሰው አነጋገር ነው።

እናቷ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሕይወት ሳሉ በቀበሌ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ አንድ ሐረግ ነበራቸው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉ ልብ የሚመስለው፣ አረንጓዴው ላይ ቢጫ የተረጨበት የሚመስለው፣ በምስማርና በክር እየተያዘ ግድግዳውን የሚዞረው ነው። የፈረንጅ ስሙ ፖቶስ ነው። የተተከለው በወተት ዱቄት ጣሳ ነበር። ቤቱ ለልማት ሲነሳ እናትየው ከሶፋውም ከቡፌውም በፊት በእጃቸው ይዘው የወጡት ያንን ጣሳ ነው አሉ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመውት ወጡ።

እናት አረፉ። ልጅቱ ክፍለ ሀገር ሥራ አገኘችና ቤቱን ለታናሽ ወንድሟ ትታ ሄደች። ወንድምየው ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን አበባ ውሃ እንደሚጠጣ ትዝ የሚለው በብርጭቆው ውስጥ የተረፈ ውሃ ሲያይ ብቻ ነው። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ስትመለስ ያ ግድግዳ የሚዞር ሐረግ ደርቆ ጠበቃት።

የወንድሟ አቋም ግልጽ ነበር። «እህቴ፣ ይኼ እኮ ማገዶ ነው። አዲስ እገዛልሻለሁ፤ መንገድ ዳር ሞልቷል።» እሷ ደግሞ፣ «አዲሱ የእማዬ አይሆንም!» ብላ ለሁለት ቀን አላናገረችውም። ጉዳዩ የጣሳ አፈር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ይህን ስትነግረኝ ነው። እናም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

ያየሁት ይኸው ነው። ዘጠኝ ሐረጎች፤ አብዛኛው ቅጠላቸው እንደ ድርቆሽ ኮሽ ኮሽ ይላል። አፈሩ ተሰብስቦና ደንድኖ ከጣሳው ግድግዳ ተለያይቷል፤ በመሃሉ ጣት ያስገባል። ጠረጴዛው ግን በውሃ ርሷል። «ዛሬ ጠዋት አንድ ጆግ ሙሉ አጠጣሁት፤ ወዲያው በታች ፈሰሰ» አለች። ጣቴን መሃሉ ላይ ባስገባ አፈሩ አቧራ ነው! ጆግ ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ጠብታ አልደረሰውም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ጋሼ፣ ሞቷል አይደል?» አለችኝ።

«እሱን እንጠይቀዋ!» አልኳት።

ሞቷል ወይስ አልሞተም?

ወገኖቼ፣ ቅጠል አይቶ ሞት አይፈረድም። ቅጠል ለተክል እንደ ልብስ ነው፤ ሲቸግረው ያወልቀዋል። ሕይወቱ ያለው ግንዱና ሥሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ምርመራ አለ፤ ሦስቱም ገንዘብ አያስወጣም።

የመጀመሪያው የአፈር ምርመራ ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ይህን ለምን አስቀደምኩ? የተጠማ ተክልም፣ ውሃ በዝቶበት ሥሩ የበሰበሰ ተክልም ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይጠወልጋሉ። አፈሩ ጭቃ ሆኖ፣ ከታች መጥፎ ሽታ እያለው ቅጠሉ ከረገፈ የእናንተ በሽተኛ የጠማው ሳይሆን የሰጠመ ነው። ለእሱ ውሃ መጨመር ማለት መጨረሻውን ማፋጠን ነው። አፈሩ ደረቅ፣ ጣሳው ሲነሳ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀላል ከሆነ ግን ችግሩ ጥማት ነው።

ሁለተኛው የጥፍር ምርመራ ነው። ግንዱን በጥፍራችሁ በስሱ ፋቅ አድርጉት። ከሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያ ቦታ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ፣ ሲታጠፍም ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ ያ ቦታ አልቆለታል። ግን እዚያ ላይ አትቁሙ፤ ወደ ታች እየወረዳችሁ በየአራት ጣቱ ፋቁ። ተክል ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ግርጌው ስለሚወርድ፣ ላዩ ሞቶ ታቹ በሕይወት ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የሥር ምርመራ ነው። ጣሳውን ዘንበል አድርጋችሁ አፈሩን ሳትበትኑ ሳብ አድርጉትና እዩ። ጠንከር ያለ፣ ነጣ ያለ ሥር ጤነኛ ነው። እንደ ክር ደርቆ የሚበጠሰው አልፎለታል። ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚላላገው ደግሞ በስብሷል።

የእኛን በሽተኛ እንዲህ አድርገን መረመርነው። ከዘጠኙ ሐረጎች ስድስቱ እስከ ግርጌያቸው ደርቀዋል። ሦስቱ ግን ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እስኪሉ ድረስ ከቅርፊታቸው በታች አረንጓዴ ናቸው። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ሥር ደርቋል፤ መሃል ላይ ግን ጥቂት ነጫጭ ሥሮች አሉ። ልጅቱ የራሷን ጥፍር አስፍቄ አረንጓዴውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወንድምየው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ «እንዴ!» ብቻ ነው ያለው።

ጥድፊያው ለምን ይገድላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሦስት ወር ሳይደውል ቆይቶ በአንድ ቀን ሠላሳ ጊዜ የሚደውል ፍቅረኛ አታውቁም? የደረቀ ተክል ባለቤትም እንደዚያው ነው። ውሃውን በባልዲ፣ ማዳበሪያውን በእፍኝ፣ አዲስ አፈር፣ አዲስ መትከያ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ! ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ። ተክሉ ደግሞ ያን ሁሉ የሚቀበልበት አቅም የለውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ለስላሳ ግንድ ያለው ተክል ቀጥ ብሎ የሚቆመው እንደ እኛ አጥንት ኖሮት አይደለም። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ውሃ ሞልቷቸው ግድግዳቸውን ስለሚገፋው ነው፤ በአየር እንደተሞላ ኳስ ማለት ነው። ውሃው ሲያልቅ ኳሱ ይተነፍሳል፣ ተክሉም ይጠወልጋል። ይህ ገና የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውሃ ካገኘ በሰዓታት ውስጥ ይነሳል። ድርቁ ከቀጠለ ግን በሥሩ ጫፍ አካባቢ ያሉት፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑት፣ ውሃ የሚጠጡት ክሮች ይሞታሉ። አፉን ያጣ በሽተኛ በሉት። ከዚያ በኋላ ባሕር ብታፈሱበት የሚጠጣበት የለውም፤ መጀመሪያ አዲስ አፍ ማብቀል አለበት። አዲስ ሥር ለማብቀል ደግሞ እርጥበት ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል፤ ሥርም ይተነፍሳላ! በየቀኑ ውሃ ስታንቆረቁሩበት በአፈሩ መካከል ያሉት የአየር ክፍተቶች ይሞላሉ፣ የተረፉት ጥቂት ሥሮችም ታፍነው ይበሰብሳሉ። ድርቁ ያልጨረሰውን ውሃው ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የማዳን ሥራው በተራ በተራ ነው። ለልጅቱ ያልኳትን ለእናንተም ልበላችሁ።

አንደኛ፦ አፈሩን እንጂ ጠረጴዛውን አታጠጡ

አፈር ከመጠን በላይ ሲደርቅ ውሃ መቀበል ያቆማል። ይሰበሰባል፣ ከመትከያው ግድግዳ ይላቀቃል፣ ላዩም ውሃ የሚገፋ ይሆናል። ከላይ ያፈሰሳችሁት በዳር በኩል ሾልኮ በታች ይወጣል። የዚያ ጠዋቱ ጆግ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ከታች ማጠጣት ነው። በመጀመሪያ በቀጭን ስንጥር አፈሩን አምስት ስድስት ቦታ ቀስ ብላችሁ ውጉት፣ ሥር እንዳትቆርጡ ተጠንቀቁ። ላዩን በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አርጥቡት። ከዚያ ሳፋ ውስጥ የጣሳውን ሲሶ የሚያህል ውሃ አድርጋችሁ ጣሳውን አስቀምጡበት። ውሃው በታች ባሉት ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ የላዩ አፈር ሲጠቁርና ሲረጥብ አውጡት። ከዚያ ዘንበል አድርጋችሁ ተንጠፍጥፎ እስኪያቆም ጠብቁ። ጣሳችሁ ቀዳዳ ከሌለው መጀመሪያ በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፤ ቀዳዳ የሌለው ጣሳ ለተክል ጉድጓድ ነው። የልጅቱ እናት ይህን ያውቁ ኖሯል፤ ጣሳው ታች በምስማር ተበስቷል።

ውሃው በጣም ቀዝቃዛ አይሁን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ጀሪካን ውስጥ ያደረው ይሻላል፤ የቤቱን ሙቀት ይዞ ይቆያል። ሳሙና ወይም ጨው የነካው ውሃ ግን አይሞከርም።

ቀጥሎ የሚጠጣው መቼ ነው? ቀን ቆጥራችሁ አይደለም። ጣት አስገብታችሁ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርቅ ብቻ። በዚያ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ የጠጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። ልጅቱ በየማታው እየደወለች «ዛሬስ ላጠጣው?» ትለኛለች። እኔም «ጣትሽ ምን አለ?» እላታለሁ። «እርጥብ ነው ይላል።» «እንግዲያው ደህና እደሪ!»

ሁለተኛ፦ የሞተውን ቁረጡ፣ ግማሽ የቀረውን ማሩ

ሙሉ በሙሉ ቡናማ የሆነ ቅጠል አይመለስም፤ ይነሳ። ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ግን ላይን ቢያስጠላም ይቆይ፤ በዚያች ግማሽ ፊቱ ለተክሉ ምግብ እየሠራ ነው። ሐረጉን ስትቆርጡ ከላይ እየፋቃችሁ ወርዳችሁ፣ አረንጓዴ ከምታገኙበት አንጓ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ በንጹሕ መቀስ ቁረጡ። አንጓ የምለው ቅጠል የሚወጣበትን፣ ትንሽ እብጠት ያለበትን ቦታ ነው። አዲስ ቅጠል የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። አንጓ የሌለው ግንድ፣ አረንጓዴ ቢሆን እንኳ፣ ቅጠል አያወጣም።

ስድስቱ ሐረጎች ሲቆረጡ ልጅቱ ፊቷን አዞረች። ይገባኛል። የእናት እጅ በክር ያሰረው ነገር በመቀስ ሲወርድ ማየት ቀላል አይደለም። ግን ሞቶ የተንጠለጠለው የሻጋታ መራቢያ ከመሆን በቀር ለቀሩት ሦስቱ የሚፈይደው የለም።

ሦስተኛ፦ ፀሐይ አታስመቱት፣ ብርሃን አትንፈጉት

«ፀሐይ ያጣ ነው» ብሎ በረንዳ ላይ ማውጣት የብዙዎች ስህተት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ቀልድ አያውቅም። ተክሉ በሥሩ ከሚስበው ውሃ አብዛኛው በቅጠሉ በኩል ተንኖ የሚወጣ ነው። ሥሩ የሌለው ተክል ፀሐይ ላይ ሲቆም ደሞዝ ሳይገባ ወጪ እንደ መጨመር ይሆናል። ከመስኮት አንድ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ጋዜጣ በቀላሉ የሚነበብበት ብርሃን ያለበት ቦታ ይበቃዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ማታ ማታ ከመስኮት መስታወት አርቁት፤ ፖቶስ የሞቃት አገር ልጅ ነው፣ ብርድ አይወድም። የቡና ከሰል ከሚነድበት ቦታም አርቁት።

በጋ ላይ ቤቱ አየር በጣም ደረቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ብልሃት አለ። ሁለት ሦስት እንጨት አፈሩ ላይ ተክላችሁ የሚያሳይ ላስቲክ አልብሱት፤ በውስጡ እርጥበት ያምቃል። በቀን አንዴ አሥር ደቂቃ ያህል ከፍታችሁ አናፍሱት። ሻጋታ ካያችሁ ላስቲኩ ይነሳ። እሬትና መሰል ወፍራም ቅጠል ያላቸውን ግን ላስቲክ አታልብሷቸው፤ ይበሰብሳሉ።

አራተኛ፦ ማዳበሪያውን እርሱት

ዩሪያ ከገጠር ዘመድ ለምኖ ያስመጣ ጎረምሳ አውቃለሁ። አበባው በሦስት ቀን አረፈ! ማዳበሪያ ጨው ነው። በደረቀና በቆሰለ ሥር አጠገብ ሲበዛ ውሃውን ከሥሩ ወደ ውጭ ይስበዋል፣ ሥሩንም ያቃጥለዋል። በሽተኛ ክትፎ አይጀመርለትም፤ መጀመሪያ አጥሚት ነው። አዲስ ቅጠል ወጥቶ ወር እስኪሞላው ድረስ ምንም አትጨምሩ።

የቡና አተላም እንደዚሁ ነው። እናቶቻችን አበባ ሥር ሲደፉት አይተን እኛም እንደፋለን። ጥቂቱ በአፈር ተደባልቆ አይጎዳም። በላዩ ላይ ሲከመር ግን ደርቆ እንደ ቅርፊት ይሆንና ውሃ አላሳልፍ ይላል።

አፈርና መትከያ መቀየሩንም አቆዩት። አዲስ ቅጠል ካየን በኋላ፣ ከድሮው ሁለት ጣት ብቻ ሰፋ ወዳለ መትከያ ይዛወራል። አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ቢሆን ጥሩ ነው። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ይለጥፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

አምስተኛ፦ ለክፉ ቀን አንድ ብርጭቆ

በዚያው ቅዳሜ ከሦስቱ ሐረጎች ረጅሙን መርጠን፣ ሁለት አንጓና አንድ ግማሽ አረንጓዴ ቅጠል ያለውን ጫፉን ቆረጥን። ከታችኛው አንጓ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የሚቆረጠው። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርገን የታችኛውን አንጓ አጠለቅነው፤ ቅጠሉ ከውሃው በላይ ይሁን። ውሃው በየሦስትና አራት ቀኑ ይለወጣል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነጭ ሥር ይወጣል፤ ሥሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አፈር ላይ ይተከላል። ጣሳው እንኳ ባይድን ብርጭቆው አለ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዚህ ተክል ፈሳሽ አፍን የሚያሳክክና የሚያቃጥል ነገር አለበት። ቅጠሉ ሕፃን ወይም ድመት አፍ እንዳይገባ፤ ስትቆርጡም እጃችሁን ታጠቡ።

ምን ሆነ ታዲያ?

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም። ሁለተኛው ሳምንት ከሦስቱ ሐረጎች አንዱ ከግርጌው ጠቁሮ ላላ፤ ቆረጥነው። ልጅቱ ደውላ ድምጿ ተሰበረ። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሁሉም ቢሞትስ?»

እውነቱን ነገርኳት። ሊሞት ይችላል። ነገር ግን ስለዚህ ሐረግ አንድ የማታውቂው ነገር አለ አልኳት። ፖቶስ የመጣው በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ካለች ሞኦሪያ ከምትባል ደሴት ነው። የሳይንስ ስም ያገኘው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። በየሰው ቤት ሲኖር ግን አያብብም ቢባል ይቀላል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂበረሊን የተባለ ንጥረ ነገር በራሱ አይሠራም። አበባ ከሌለ ዘር የለም። ስለዚህ የሚባዛው እየተቆረጠ ብቻ ነው። ከአንድ ሰው ጣሳ ተቆርጦ ሌላ ሰው ጣሳ ውስጥ የገባው ሐረግ ልጁ ሳይሆን ራሱ ነው፤ ያው ተክል ነው።

«እናትሽ ለጎረቤት ቆርጠው ሰጥተው ያውቃሉ?» አልኳት።

ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ለማን ያልሰጠችው አለ!» አለች። በማግስቱ የድሮ ጎረቤታቸውን፣ ሰፈሩ ሲነሳ ሌላ ሳይት የደረሳቸውን እናት ደውላ አገኘቻቸው። ሴትዮዋ፣ «የእናትሽ አበባ? ኧረ መስኮቴን ጋርዶኛል ልጄ፣ መጥተሽ ቁረጪ!» አሏት። እሑድ ሄዳ ቡና ጠጥታ፣ ስለ እናቷ ስትሰማ ውላ፣ ሦስት ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ተመለሰች።

የጣሳውስ? በ24ኛው ቀን ከቀሩት ሁለት ሐረጎች በአንደኛው አንጓ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። በስድስተኛው ሳምንት ተዘረጋች፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቅጠል። ፎቶውን በስልክ የላከልኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ «ማገዶ ነው» ያለው ወንድም! ከሥሩ የጻፈው «ጋሼ ወጣ!!!» የሚል ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለውም ሥር አውጥቷል።

ሌሎቹስ?

ሁሉም ተክል እንደ ፖቶስ አይደለም። ፒስ ሊሊ የሚባለው፣ ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ትንሽ ሲጠማው ተዝለፍልፎ ይወድቃል፤ ቶሎ ካጠጣችሁት ግን በሰዓታት ይነሳል፣ አትደንግጡ። ስፓይደር ፕላንት የሚባለው፣ እንደ ሣር ረዣዥም ቅጠል ያለው፣ ውሃ የሚያጠራቅም ወፍራም ሥር ስላለው ቅጠሉ ሁሉ ደርቆ እንኳ ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። እሬት ቅጠሉ ከሳሳና ከተጨማደደ አንዴ በደንብ አጠጡት፤ ከዚያ አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትድረሱበት። የጥብስ ቅጠል ግን ጨካኝ ነው፤ ቅጠል ከሌለው አሮጌ ግንዱ ላይ እንደገና የማቆጥቆጥ ነገር ብዙም አይሆንለትም። ጥፍራችሁ አረንጓዴ ካላገኘ በአዲስ ችግኝ ተኩት፤ ለቅሶ አያስፈልግም።

ስትሄዱስ?

ለፋሲካም ሆነ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ወንድምን አትመኑ! አንድ ጠርሙስ ውሃ ሙሉ፤ ከጣሳው ጎን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ወፍራም የጥጥ ክር አርጥባችሁ አንዱን ጫፍ ከጠርሙሱ ታች አድርሱት፣ ሌላውን ጫፍ አፈሩ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቅበሩት። ክሩ ውሃውን እየሳበ ቀስ በቀስ ያጠጣዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ሳምንት ሞክሩትና ጠርሙሱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ እዩ።

ከሁሉ በላይ ግን የምትወዱት ተክል ካለ ዛሬውኑ፣ አረንጓዴ እያለ፣ አንድ ሐረግ ቆርጣችሁ ለጎረቤት ስጡ። ለጋስ ለመባል ብቻ አይደለም። የእናንተ ቤት በደረቀ ቀን የት ሄዳችሁ እንደምታንኳኩ እንድታውቁ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ጋዜጣውን አጥፉና ያንን ጥግ ላይ የቆመውን ተክል በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። አረንጓዴ ካገኛችሁ ሳፋ አምጡ። ባልዲው ይቆይ።

ቸር ይግጠመን!